ፔር ሄንሪክ ሊንግ ማን ነበር?

በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች በክንድ ርዝመት ተራርቀው ተሰልፈው፣ መምህሩ እየቆጠረ እጃቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ጎንና ወደ ታች ሲያደርጉ ያላየ በመካከላችን አለ ብዬ አልገምትም። ይህን ነገር ሁላችንም ከአንደኛ ክፍል ጀምረን ስለምናውቀው ዝም ብሎ የመጣ ይመስለናል። ዳሩ ግን እሱም እንደ ሒሳቡና እንደ ሳይንሱ ያሰቡበትና የደከሙበት ሰዎች አሉት። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ዋነኛው ፔር ሄንሪክ ሊንግ የተባለው ስዊድናዊ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ታሪክን ያጠና ሰው ስሙን ሳያነሣ አያልፍም። ሌሎቻችን ግን ሌላ ትምህርት እናስተምራለን ብለን ስለምናስብ ይመስለኛል፣ እምብዛም አናውቀውም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ሊንግ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1776 ኅዳር ወር ውስጥ በደቡብ ስዊድን፣ ስሞላንድ በሚባለው አውራጃ ነው። አባቱ የገጠር ቄስ ነበር፤ እሱም ገና ሕፃን ሳለ ሞተበት። ልጁም የአባቱን መንገድ ይከተላል ተብሎ ነው መሰል በሉንድ ከዚያም በኡፕሳላ ዩኒቨርስቲ ሃይማኖት አጥንቶ በ1797 ጨረሰ። ቄስ ግን አልሆነም። ወጣቱ ሊንግ ቅኔና ግጥም የሚወድ፣ የድሮ የሰሜን አገር አማልክትን ታሪክ እያነበበ የሚመሰጥ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ስለዚህ አገሩን ትቶ ወጣ። ዴንማርክ ውስጥ ቋንቋ እያስተማረ ኖረ፤ ሌሎች አገሮችንም ዞረ። ገንዘብ አልነበረውም። ከገንዘቡ እጦት ይበልጥ ያስቸገረው ግን ቁርጥማት ነው፤ በተለይ ክንዱን ያመው እንደ ነበር ይነገራል።

በዚያን ጊዜ ኮፐንሃገን ውስጥ ፍራንስ ናክቴጋል የሚባል ሰው በ1799 የሰውነት እንቅስቃሴ ማሠልጠኛ ከፍቶ ነበር። ሊንግ እዚያ ገብቶ ተማረ፤ ፌንሲንግ የሚባለውንም የሻሞላ ጨዋታ ያዘ። ይህ ጨዋታ እንደምታውቁት ክንድን፣ ትከሻን፣ ጉልበትንና ዓይንን በአንድ ላይ የሚያሠራ ነው። ሊንግ ጨዋታውን የዕለት ልማዱ አደረገው። ታዲያ ቀስ በቀስ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ያ ሲያመው የነበረው ክንድ እየተሻለው ሄደ። ይህን ያስተዋለ ሰው እሱ የመጀመሪያው ላይሆን ይችላል። ብዙ ሰው ሲሻለው እግዜር ይመስገን ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሊንግ ግን ለምን ተሻለኝ ብሎ ጠየቀ። የሕይወቱ ታሪክ ሁሉ ከዚህች ጥያቄ የወጣ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ አገሩ ተመልሶ በ1805 ገደማ በሉንድ ዩኒቨርስቲ የሻሞላ መምህር ሆኖ ተቀጠረ። እዚህ ላይ የሠራውን ሥራ እኔ ከሁሉ አብልጬ አደንቅለታለሁ። የተቀጠረው ሻሞላ ለማስተማር ስለሆነ እሱን ብቻ እያስተማረ ደመወዙን መብላት ይችል ነበር። እሱ ግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ከተማሪዎች ጋር ተቀምጦ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ተማረ። ጡንቻ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ መጋጠሚያ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ትንፋሽና ደም እንዴት እንደሚሄዱ ማወቅ ፈለገ። ምክንያቱም አንድን እንቅስቃሴ ለተማሪ ከማዘዙ በፊት ያ እንቅስቃሴ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ መምህሩ ማወቅ አለበት የሚል እምነት ስለ ነበረው ነው። የማያውቀውን የሚያዝ መምህር ተማሪን ሊጎዳ ይችላላ!

ስዊድን በዚያ ዘመን የተጎዳች አገር ነበረች። በ1809 ፊንላንድን፣ ይኸውም የግዛቷን አንድ ሦስተኛ ያህል፣ ለሩስያ አስረክባ ነበር። ስለዚህ መንግሥት የወጣቱን ጉልበት ማሰብ ጀምሯል። ሊንግ ይህን አጋጣሚ ተጠቀመበት፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ጠይቆ በመጨረሻ በ1813 ተፈቀደለትና የንጉሣዊ ማዕከላዊ የጅምናስቲክ ተቋም ስቶክሆልም ላይ ተከፈተ። እውነቱን ለመናገር መንግሥት የፈለገው ጠንካራ ወታደር ነው። ሊንግም ራሱ በካርልበርግ የጦር አካዳሚ ያስተምር ነበር፤ የአገር ፍቅሩም ብርቱ ነው። ነገር ግን ተቋሙን ልብ ብለን ብናየው ዋናው ሥራው መምህራንን ማሠልጠን ነበር። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ስንት ልጅ ሊያስተምር ይችላል? መቶ? ሁለት መቶ? መምህራንን ያሠለጠነ እንደሆነ ግን እያንዳንዱ መምህር ወደ ከተማው ሄዶ ሌላ መቶ ያስተምራል። እኛም እዚህ የተቀመጥነው በዚሁ ሒሳብ አይደለም እንዴ?

ሊንግ ሥራውን በአራት ከፈለው። አንደኛው የትምህርት ቤት ጅምናስቲክ ሲሆን ሰው ሰውነቱን በራሱ ፈቃድ ማዘዝ እንዲችል ያደርጋል። ሁለተኛው የሕክምና ጅምናስቲክ ሲሆን የታመመውን በእንቅስቃሴ ይረዳል። ሦስተኛው የጦር ነው። አራተኛው ሐሳብና ስሜትን በሰውነት የሚገልጸው፣ የውበት ብሎ የጠራው ነው። ይህ አራተኛው ያን ያህል አልገፋም። የሕክምናው ክፍል ግን ዛሬ ፊዚዮቴራፒ ለምንለው ሙያ አንዱ ሥሩ ሆኗል። የስዊድን ማሳጅ የሚባለውን እሱ ፈለሰፈው የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው፤ ያ ከእሱ በኋላ በመጣው በሆላንዳዊው ሐኪም በመዝገር ስም የሚነገር ነው።

የአሠራሩ ዋና ባሕርይ ቀላልነቱ ነው። ብዙ ዕቃ አይፈልግም። በግድግዳ ላይ የሚተከሉ የእንጨት መሰላሎች፣ ገመድና ዘላይ ሣጥን በኋላ ቢጨመሩም፣ መሠረቱ ሰውዬው ራሱ ነው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ መነሻ አቋም አለው፤ ከዚያ መንገድ አለው፤ ከዚያ ማብቂያ አለው። ከቀላሉ ተጀምሮ ወደ ከባዱ ይኬዳል፤ በመጨረሻም ሰውነት እንዲረጋ ቀለል ያለ ይሠራል። አንዱ ጎን ከሠራ ሌላውም ጎን ይሠራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ጎበዙም ሰነፉም፣ ወፍራሙም ቀጭኑም። የሊንግ ዓላማ ማን ቀደመ፣ ማን ዘለለ የሚል አልነበረም። ደካማው ከትናንትናው ራሱ እንዲሻል ነው።

እስቲ ይህን ይዘን ወደምናውቀው ሜዳ እንምጣ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ በተማርኩበት ትምህርት ቤት (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ አንድ ኳስ ይወረወርልናል። ኳስ የሚችሉት ወንዶች፣ ሃያ ሁለት ቢበዙም ሠላሳ፣ ይጫወታሉ። የቀረነው ድንጋይ ላይ ቁጭ ነው። ሴቶቹ ጥላ ሥር ሹራብ ይሠራሉ ወይም ጨዋታ ይዘዋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንደርስ ደግሞ ፈተና ተቃረበ ተብሎ ያችም ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ተሰጠች። በእርግጥ ሒሳብ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከስድሳ ተማሪ ሃያው ብቻ የሚሮጥበት ክፍለ ጊዜ የሰውነት ማጎልመሻ ነው ወይስ የኳስ ቡድን ልምምድ? ኳሱ ባልከፋ ነበር፤ የሚከፋው እንቅስቃሴ የሚያስፈልገው ልጅ ተመልካች ሆኖ መቅረቱ ነው።

በሊንግ ዘመን ያልታወቀ ብዙ ነገር ዛሬ ታውቋል። ከአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ ሃያ ድረስ ያለው ዕድሜ አጥንት የሚከማችበት ዘመን ነው። በአጥንት ላይ ክብደት ሲያርፍበት፣ ይኸውም በመሮጥ፣ በመዝለልና በመሸከም፣ አጥንቱ እየጠነከረ ይሄዳል፤ በዚህ ዕድሜ ያልተከማቸውን በአርባ ዓመት ላይ እሰበስባለሁ ቢሉ አይሆንም። ልብም ጡንቻ ናትና ስትለማመድ በአንድ ምት ብዙ ደም ትገፋለች። አዘውትሮ የሚሮጥ ልጅ ዕረፍት ላይ ሳለ የልቡ ምት ዝግ የሚልበት ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ማንም ሰው አንጓውን ይዞ ለ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 በማባዛት በራሱ ላይ ሊያየው ይችላል። የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ስለሚወስድ የስኳር በሽታ እንዳይመጣ ያግዛል። እንቅልፍ ይስተካከላል። ሐሳብና ጭንቀት ይቀንሳል። ክፍል ውስጥም ተማሪው ልቡ ትምህርቱ ላይ እንዲሆን ይረዳል። ይህ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ ለሚሰጡት ሰዎች ቢነገራቸው ደግ ነበር።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ጠንከር ያለና ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። ታዲያ ስንቱ ይሠራል? በ2019 በወጣ ጥናት፣ ከ146 አገሮች 1.6 ሚሊዮን ከ11 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ተማሪዎች ተጠይቀው፣ በ2016 ከ100 ወጣቶች 81ዱ ይህን ያህል እንደማይንቀሳቀሱ ታውቋል። ከሴቶች 85፣ ከወንዶች 78 ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሴቶች በዓለም ዙሪያ አሉ።

እርግጥ ከዚህ ላይ አንድ ሰው የኛ አገር የገጠር ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት እየተጓዘ፣ ውሃ እየቀዳና እንጨት እየለቀመ ምን እንቅስቃሴ ጎደለው ሊል ይችላል። ትክክል ነው፤ የእግር መንገዱም የቤት ሥራውም ይቆጠራል። እንዲህ ላለችው ልጅ ስድሳ ደቂቃ ጨምሪ ማለት ቀልድ ይሆናል። እሷ የሚያስፈልጋት በሸክም የጎበጠውን ጀርባ የሚያቃና፣ ትከሻን የሚከፍትና ሁለቱን ጎን የሚያስተካክል እንቅስቃሴ ነው፤ የሊንግ ጅምናስቲክ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በዚህ ነው። በአንጻሩ የከተማው ልጅ በታክሲ ሄዶ፣ ተቀምጦ ተምሮ፣ ተመልሶ ቴሌቪዥን ወይም ስልክ ላይ የሚቀመጠው፣ መሮጥ ያስፈልገዋል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ መምህሩ ነው እንጂ ኳሱ አይደለም።

አሁን ደግሞ ጉድለቱንም ላንሣ፤ ሰውን ማመስገን ብቻ ታሪክ አይሆንም። የሊንግ አሠራር ደረቅ ነው ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። ሁሉም ነገር በትእዛዝ ነው፤ ጨዋታ የለበትም፤ ልጆች ይሰለቻሉ። ጀርመኖች ፍሪድሪክ ሉድቪግ ያንን ተከትለው በዘንግና በብረት ላይ መንጠልጠልና መገለባበጥ የሚያበዙ ስለ ነበሩ፣ በ1860ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ውስጥ የሊንግ ተከታዮች ሁለቱ ትይዩ ዘንጎች ለሰውነት አይጠቅሙም ብለው ከትምህርት ቤት ሊያስወጧቸው ሞክረው ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በክርክሩም የተረቱት የሊንግ ተከታዮች ናቸው። እንግሊዞችም ኳስና ሩጫ ይበልጣል ይሉ ነበር። በዛሬ ዕውቀት ስንመዝነው፣ ሊንግ ለአቋምና ለመጋጠሚያ የሰጠውን ያህል ትኩረት ለልብና ለትንፋሽ አልሰጠም ማለት ይቻላል፤ ቆሞ እጅን ማንሣት ልብን ብዙ አያሯሩጥም። እኔ እንደሚመስለኝ ሊንግን ከኳሱ ጋር ማጣላት አያስፈልግም። ሩቡን ሰዓት ሁሉም በሰልፍ ይሥራ፤ ከዚያ በኋላ በትናንሽ ቡድን ተከፋፍሎ ሁሉም ይጫወት።

ሐኪሞች በመጀመሪያ አልተቀበሉትም። አንድ የሻሞላ መምህር፣ ያውም ግጥም ጸሐፊ፣ በሽተኛ አድናለሁ ሲል ምን ይሉታል? ንቀት ነበር። እሱም በበኩሉ የሚጽፈው ነገር የተጠማዘዘና ለመረዳት የሚያስቸግር ስለ ነበር ራሱን በደንብ አላስረዳም። የጅምናስቲክ አጠቃላይ መሠረቶች የተባለው ዋና መጽሐፉ እንኳ ተጠቃሎ የወጣው ከሞተ በኋላ በ1840 ነው። ሆኖም ሥራው እየታየ ሄደ። በ1831 የስዊድን የሐኪሞች ማኅበር አባል አድርጎ መረጠው። በ1835 ደግሞ የስዊድን አካዳሚ አባል ሆነ፤ የፕሮፌሰርነት ማዕረግም ተሰጠው። አካዳሚው የመረጠው በግጥሙ ነው። ዛሬ የሚታወስበት ግን ግጥሙ አይደለም።

ግንቦት 3 ቀን 1839 ሊንግ በ62 ዓመቱ ስቶክሆልም ውስጥ ሞተ። የገደለው የሳምባ ነቀርሳ ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ነገሩ የማይገጥም መስሎኝ ነበር፤ ሕይወቱን ሙሉ ስለ ጤና ያስተማረ ሰው በሳምባ በሽታ ይሞታል? ነገር ግን የነቀርሳ ጀርም በሮበርት ኮክ የታወቀው በ1882 ነው፤ መድኃኒቱም ከመቶ ዓመት በኋላ ነው የመጣው። እንቅስቃሴ ሰውነትን ያጠነክራል እንጂ ክትባት አይሆንም፤ መድኃኒትንም አይተካም። ተማሪዎቻችን ስፖርተኛ ስለሆንኩ አልታመምም የሚሉ ከሆነ ይህን የሊንግን አሟሟት ብንነግራቸው አይከፋም።

ሊንግ ከመሞቱ በፊት ሥራውን ለተማሪዎቹ አደራ ሰጠ። ተቋሙን የተረከበው ላርስ ጋብርኤል ብራንቲንግ ነው። (የዚህ ሰው ልጅ ያልማር ብራንቲንግ በኋላ የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በ1921 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል።) ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1842፣ የስዊድን የሕዝብ ትምህርት ቤት ሕግ ሲወጣ ጅምናስቲክ ከትምህርቶቹ አንዱ ሆነ።

ለትምህርት ቤት ሥራ የበለጠ የደከመው ግን የገዛ ልጁ ያልማር ሊንግ ነው። አባቱ ሲሞት ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነበር። አባትየው ሐሳብ ነበረው፤ የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድ ግን አልነበረውም። ልጁ እንቅስቃሴዎቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ፣ በዓይነት ለይቶ፣ በዕድሜና በጉልበት አደላድሎ የዕለት ሠንጠረዥ አደረጋቸው። መምህሩ ሠንጠረዡን ይዞ ሲገባ ዛሬ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያደርስ ያውቃል። እኛ ዛሬ የዕለት ትምህርት ዕቅድ እያልን ሌሊት የምንጨነቅበት ነገር ማለት ነው።

ተቋሙ በ1864 ለሴት ሠልጣኞችም በሩን ከፈተ። ከዚያ ከወጡት አንዷ ማርቲና በርግማን በ1881 ወደ ለንደን ሄዳ በከተማው ትምህርት ቤቶች የሴት ልጆችን እንቅስቃሴ እንድትመራ ተቀጠረች። በረጅም ቀሚስና በጠባብ መቀነት ታስረው ይማሩ የነበሩ ልጃገረዶች እጃቸውን ማንሣት ጀመሩ። እሷም በ1885 የራሷን የሴት መምህራን ማሠልጠኛ ከፈተች። በአሜሪካም ቦስተን ከተማ በ1890 የሊንግን አሠራር ለሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ ተቀበለች፤ አዳራሽ በሌለበት በዴስኮች መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ይሠሩ ነበር።

ወደኛም ቢሆን ስዊድኖች በዚሁ ሙያ መጥተዋል። በ1946 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለዕጩ መኮንኖች የሰውነት ማጎልመሻ ያስተማረው ኦኒ ኒስካነን በስዊድን ያደገ ሰው ነው። አበበ ቢቂላን አሠልጥኖ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲጨርስ አይቷል። አበበ በ1964 በቶኪዮ ለሁለተኛ ጊዜ አሸንፎ ከገባ በኋላ ሌሎቹን ሯጮች እየጠበቀ ሣሩ ላይ እጅና እግሩን እየዘረጋ ጅምናስቲክ መሥራቱን ዓለም ሁሉ ተደንቆ አይቶታል።

ሊንግ በ1813 የከፈተው ተቋም ስሙ ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢለዋወጥም አልተዘጋም። ዛሬ የጅምናስቲክና የስፖርት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ይባላል። እዚያው ስቶክሆልም ውስጥ እንደኛው ያሉ እጩ መምህራን፣ ወንዱም ሴቱም፣ አሁንም ይሠለጥኑበታል።